ሥጋ የማይበላው ድመት

ደብረ ዘይት፣ ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺዓለም፣
ናዝሬት

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ከትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ሳወጣ የእጅ ጽሑፍዎን ገና ከላዩ ላይ አወቅሁት። አራት ዓመት ሙሉ በቤትዎ በልቼ፣ ከልጅዎ ከብዙነህ ጋር በአንድ መደብ ተኝቼ ተምሬ ለወግ የበቃሁ ሰው፣ ይኸው ሰባት ዓመት አንዲት ቃል አልጻፍኩልዎትም። ከውጭ አገር ከተመለስኩ እንኳ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ከዚህ ናዝሬት በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ብዙነህን ከወሰዱት ወዲህ በደጅዎ ማለፍ ከበደኝ ከማለት በቀር የማቀርበው ምክንያት የለኝም። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ድመትዎ ሽንት ወደ ጠየቁኝ ነገር ልመለስ። አይ፣ አልሳቅሁም። ይልቅ የሚሳቀው በእኔ ነው። የውሻና የድመት አመጋገብና የሽንት በሽታ አጥንቶ ፕሮፌሰር የተባለ ሰው በዚህ የድርቅ ዓመት ምን ይደረግለት? ባለፈው ወር በውይይት ክበብ «ሰፊው ሕዝብ እየተራበ ጓድ አምባዬ የድመት ሽንት ይለካል» ተብያለሁ። አሁን በሙክት አሳብቤ ነው የምሠራ፤ ሙክትም እህል ሲበዛበት ፊኛው ጠጠር ይይዛልና።

ወንድ ድመት ሽንት ሲከለከል ቀልድ የለውም። ሁለት ሦስት ቀን ካልሸና ይሞታል። እርስዎ ግን ሦስት ሳምንት ሆነው ይሉኛል። «ጎኑን ይዞ ያቃስታል» ያሉትንም ደጋግሜ አነበብኩት። ስንት ድመት ሳክም ጎኑን የያዘ አላየሁም። እስቲ ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ ይጻፉልኝ። ከሆነልዎት ሽንቱን በንጹሕ ጠርሙስ ይላኩልኝ። የድመት ጠጠር ደቃቁ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሬሳ ሣጥን ክዳን ይመስላል፤ መጻሕፍቱም በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። ስሙ አያስደንግጥዎ፣ የሚድን ነገር ነው።

ታዛዥዎ አምባዬ


ናዝሬት፣ ጥር 17 ቀን 1977

ይድረስ ለልጄ ለአምባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይቅርታህን አንብቤ አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኑሬዋለሁ። እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ምን ይበላል ላልከኝ፣ ዓሣ ነው የሚበላ። በጨው ታሽቶ የደረቀውን የዝዋይ ዓሣ። ሥጋ አይበላም። በመጣ በሳምንቱ የበግ ወጥ አቀረብኩለት፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ሳህኑን ገፋው። ዶሮም አይነካ። ተቆጣሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ውኃ ከናካቴው ይፈራል። ከጠጣ መውጣት ሊያምረው ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ ደጅ መውጣት አይሆንለትም።

ግቢዬ አንተ የምታውቀው ግቢ አይደለም። የቤቱን ግማሽ ቀበሌ ወስዶ ለአብዮት ጥበቃው ለጓድ ባጫ ሰጥቶታል። በመሐላችን ያለው የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ መጸዳጃውም የጋራ ነው። ስለዚህ ከንጋት እስከ ምሽት ሽንቱን እንደቋጠረ ይውላል። ያለው ከጓዳው በላይ ኮርኒሱ ውስጥ ነው። የናዝሬትን ፀሐይ ታውቃለህ፤ በቀትር ቆርቆሮው እጅ አያስነካም።

ማክሰኞ ዕለት ጓድ ባጫ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እትዬ የሺ፣ ድመትዎ እንደ ሰው ያቃስታል» አለኝ።

አርጅቶ ነው አልኩት። ስሙን ጠየቀኝ። ስም አላሰብኩም ነበርና ስም የለውም አልኩት። «እኔ እኮ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጆሮውን ሳንቃው ላይ ሲለጥፍ ይሰማኛል። እኔ ከወዲህ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ከላይም ትንፋሽ ይቆማል። ሦስታችንም እንዲያ ሆነን እንቆያለን፣ አንዳችን እስኪደክመን።

ጠርሙሱን አማረች ይዛልህ ትመጣለች። ቲማቲም ይዛ በባቡር የምትመላለሰው ናት፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው በእሷ ቤት ነው። እመናት። ጠርሙሱ እስከ አፉ የሞላው በአንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጠብታ ሆነ።

እናትህ የሺዓለም


ደብረ ዘይት፣ ጥር 20 ቀን 1977

እትዬ የሺ፣

ይህን የምጽፈው አማረች በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፤ አጭር ነው።

ጠርሙሱን ከፈትኩት። የወንድ ድመት ሽንት አንዴ ከተከፈተ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከክፍል አይለቅም። የሸተተኝ ግን ያ አይደለም። በማይክሮስኮፕም ሦስት ጊዜ አየሁት። የጠበቅሁት የሬሳ ሣጥን ክዳን አንድ እንኳ የለበትም። ያለው ቢጫ፣ ሾጣጣ፣ እንደተሰበረ ብርጭቆ ያለ ነገር ነው። በድመት አይቼው አላውቅም። መጠኑም ድመት በአንድ ቀን የሚሸናው አይደለም።

መድኃኒት የሚታዘዘው በክብደት ነው። ከተሳሳትኩ ልገድለው እችላለሁ። እትዬ የሺ፣ ድመትዎ ስንት ኪሎ ነው?

መልሱን በፖስታ አይላኩ።

አምባዬ


ናዝሬት፣ ጥር 22 ቀን 1977

አምባዬ፣

ስልሳ ኪሎ ይሆናል። አንብበህ አቃጥለው።

ብዙነህ መጥቷል።

ባለፈው ሰኔ ሃያ አራት፣ እሑድ ቀን፣ ከአማረች ቤት ጸሎት ጨርሼ ስመለስ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ ተከቷል። ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ራሱ ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ እግሩ በአቧራ ተለብጧል። በሩን ከፈትኩለት።

የጓዳዬን በር ታውቀዋለህ። ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው። እንግዳ ሆኖ ግንባሩን ያልተመታ የለም፤ አንተም የመጣህ ዕለት ደምተሃል። እሱ ሳይነገረው ጎንበስ ብሎ ገባ። ውስጡ ጨለማ ነው። እጁን ወደ ግራ ሰደደና የኩራዙን መደርደሪያ በመጀመሪያው ዳበሳ አገኘው። ከዚያ ቀና ብሎ አንዲቱን የኮርኒስ ሳንቃ ገፋት፤ ብዙነህ ልጅ ሆኖ ሳባርረው የሚገባባትን። እሷ ሳንቃ እንደምትከፈት ከእኔና ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም። አንተ እንኳ አታውቅም።

«መጣህ?» አልኩት።

«መጣሁ» አለኝ።

ይኸው ሰባት ወሩ። ቃል አያበዛም። «እማዬ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። እስር ቤት የኖረ ሰው አፉም ይታሰራል ብዬ ምንም አልጠየቅሁት። ሲያመው እንዳይሰማበት ጨርቅ አፉ ውስጥ ይከታል። ትናንት ሽንቱ ደም ሆነ፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደግሞ ጨርሶ የለም። ሐኪም ቤት ልውሰደው ብል መታወቂያ ይጠይቁታል። ካንተ በቀር ሰው የለኝም።

የሺዓለም


ደብረ ዘይት፣ ጥር 23 ቀን 1977

እትዬ የሺ፣

አቃጥዬዋለሁ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ አሁን ግን የሚቀድመው ጠጠሩ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ዓሣውን ያቁሙ። ደረቅ ዓሣ፣ የውኃ ጥማትና የቆርቆሮ ሙቀት ሲገናኙ ነው ያ ቢጫ ነገር የሚፈጠረው። ክዳን ያለው ባልዲ ኮርኒሱ ውስጥ ያስገቡለትና ሽንቱን አይቋጥር። ሽንቱ እስኪከፈት ድረስ ግን ብዙ ውኃ እንዳያጠጡት፤ ፊኛው ሊቀደድ ይችላል። የተከፈተ ዕለት በቀን ሦስት ሊትር ያጠጡታል፣ በየብርጭቆው ሎሚ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢካርቦኔት ይበጠበጥለት። ለድመት ቢሆን የማዘው የዚህ ተቃራኒ ነበር። የሰው ሐኪም አይደለሁም፤ እግዚአብሔር ይርዳኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የቀበሌ ስብሰባ አለ ብላኛለች አማረች፤ ጓድ ባጫ ከዚያ አይቀርም። ለትልልቅ ውሾች ሽንት ማውጫ የምጠቀምበትን የላስቲክ ቱቦ ቀቅዬ ይዤ እመጣለሁ።

የመምጫ ፈቃድ እንዴት እንዳገኘሁ ልንገርዎ። እዚህ የፓርቲ ተጠሪው ጓድ መርዳሳ የሚባል የድሮ ተማሪዬ ነው፤ የድመት ሽንት ይለካል ብሎ የከሰሰኝም እሱ ነው። ማክሰኞ ሳላስበው ላቦራቶሪ ገባና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ጥሩ ተማሪ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ይህ የድመት አይደለም። የሰው ነው» አለኝ።

የማን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «የኔ ነው» አልኩት።

በእጁ ወንበር ሳበልኝና ቁጭ በሉ አለኝ። አባቱ በዚሁ እንደሞተ፣ እስከ ዛሬ ድምፁ በጆሮው እንዳለ ነገረኝ። የሕክምና ፈቃድና የመድኃኒት ወረቀት በራሱ እጅ ጻፈልኝ። ማስታገሻውንም መርፌውንም በስሜ አውጥቻለሁ።

በዚችው ቅርጫት ድመት ልኬልዎታለሁ፤ ወንድ ነው፣ ያረጀ ነው፣ ያቃስታልም። መስኮት ላይ ያስቀምጡት፣ ጓድ ባጫ ይየው።

አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሥጋ አይበላም ያሉኝ እርግጥ ነው? ብዙነህ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እሑድ እሑድ ቤቴ ይመጣ ነበር። ጥሬ ሥጋ ካልቀረበለት ያኮርፍ ነበር።

አምባዬ


ናዝሬት፣ ጥር 29 ቀን 1977

ይድረስ ለልጄ ለአምባዬ፣

እጅህ ይባረክ። ያን ቱቦ ሳየው ልሞት ነበር፤ የሱን ፊት ሲፈታ ሳይ ግን ምድር ላይ ተንበረከክሁ። ውኃውን እንዳልከኝ እያጠጣሁት ነው። ጠጠሯ ትናንት ከቀትር በፊት ወጣች። የምስር ክክ አታህልም። ይህች ናት ሰው የምትጥል ብዬ እጄ ላይ አድርጌ ስንቴ አየኋት።

ጓድ ባጫ ድመቱን አይቶታል። መስኮቱ ጋ መጥቶ ጀርባውን አሸት አሸት አደረገና፣ «አለ ለካ» አለ። ቅር ያለው መሰለኝ።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። ኮርኒሱ ውስጥ ከሱ ጋር ብቻህን ግማሽ ሰዓት ቆየህ፤ እኔ በር እየጠበቅሁ ነበር። የሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ በሰባት ወር ለኔ ካወራው ይልቅ ላንተ በዚያች ግማሽ ሰዓት ያወራው ይበልጣል። ስትወርድ ፊትህ አመድ መስሏል። ዓይኔን ሳታይ፣ የጫማህን ክር ሳታስር ወጣህ። ስትወጣም ግንባርህን ጉበኑ መታህ፤ አራት ዓመት በኖርክበት ቤት።

ምን አለህ?

የሺዓለም


ደብረ ዘይት፣ የካቲት 4 ቀን 1977

እትዬ የሺ፣

አምስት ቀን ብዕር እያነሳሁ አስቀምጬአለሁ። ተቀምጠው ያንብቡት፤ ቢቻል አማረች አጠገብዎ ትሁን።

እሱ ብዙነህ አይደለም።

ስሙ ሱሩር ነው፤ የዝዋይ ልጅ ነው። በ1970 አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ ተይዞ ከብዙነህ ጋር በአንድ ክፍል ታስሮ ነበር። ክፍሉ ለአራት ሰው የሚበቃ፣ እነሱ አሥራ ሦስት። ለመተኛት ተራ ይጠብቃሉ። ቆመው ተራ ሲጠብቁ እያንዳንዱ ሌሎቹን በወሬ ወደ ቤቱ «ይወስዳቸዋል»። ብዙነህ ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ይጀምራል። በር ያስከፍታቸዋል፣ ጎንበስ በሉ ይላቸዋል፣ እጃችሁን ወደ ግራ ይላቸዋል። ያልጎነበሰውን እንደገና ከጣቢያው ያስጀምረዋል። ሱሩር እንዳለኝ «ቤቱን ከገዛ ቤቴ ይልቅ አውቀዋለሁ፤ ስድስት ወር በየቀኑ ገብቼበታለሁ»።

መጋቢት ላይ ብዙነህን ስሙን ጠርተው አወጡት። አልተመለሰም። ሱሩር ሦስት ዓመት ታስሮ ተፈታና ዝዋይ ከአጎቱ ጋር ዓሣ ያጠምድ ጀመር። ባለፈው ሰኔ ለውትድርና ከገበያ ታፍሶ ሲወሰድ ሞጆ አጠገብ ከመኪናው ዘለለ። በዚያ አገር የሚያውቀው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የእርስዎ። በእግሩ መጣ። ያሰበው የብዙነህን መርዶ ነግሮዎት፣ ውኃ ጠጥቶ ሊሄድ ነበር። እርስዎ «መጣህ?» ሲሉት ምላሱ እንቢ አለው። በማግሥቱ እነግራቸዋለሁ አለ። ከዚያም በማግሥቱ።

በእሱ አይፍረዱበት። ከእሱ የከፋሁ እኔ ነኝ። እሱ የደበቀዎት ሰባት ወር ነው፣ እኔ ሰባት ዓመት። ብዙነህ ሞቶ አይቼዋለሁ፤ በመጋቢት 1970፣ በእነዚህ ዓይኖቼ። መንገድ ላይ። ከዚያ በሦስተኛው ወር ለትምህርት ወደ ውጭ ሄድኩ፤ ስመለስም ናዝሬት መምጣት ያልቻልኩት ስለዚህ ነው። «ብዙነህ መጥቷል» የሚለውን ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔን መጠራጠር ጀመርኩ። ቅዳሜ ወደ ኮርኒሱ ስወጣ በዚያ ጨለማ ማን ቀና ብሎ እንደሚያየኝ አላውቅም ነበር። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ፊቱን ሳይ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ብዙነህ ባለመሆኑ ተገላገልኩ። ያሳፈረኝ ይኸው መገላገሌ ነው፤ ቀና ብዬ ያላየሁዎት ለዚህ ነው።

ብዙነህን የት እንዳየሁት ዛሬ ልጽፈው እጄ እንቢ ብሎኛል።

አምባዬ


ናዝሬት፣ የካቲት 11 ቀን 1977

አምባዬ ልጄ፣

አውቃለሁ።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። ልጄ ግራኝ ነው፤ ይህ ብርጭቆ በቀኙ ነው የሚያነሣ። የእጅ ውኃ ሳቀርብለት እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ እግሩንም። በቀን አምስት ጊዜ ግንባሩ ሳንቃውን ሲነካ ከታች እሰማለሁ። ታዲያ ሥጋ እንቢ ያለው ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ነው ዓሣ መግዛት የጀመርኩት። ልጄ ቢሆን ዓሣ እገዛለት ነበር?

ግን ከጠየቅሁት ይነግረኛል። ከነገረኝ ብዙነህ ይሞትብኛል። ስለዚህ ሳልጠይቀው፣ እሱም ሳይነግረኝ ኖርን። ሽሮዬን ስሠራ ከላይ ትንፋሽ አለ፣ ያ ይበቃኝ ነበር። ሞኝ አይደለሁም፣ አላበድኩምም። ሌላውን ዓለም ሁሉ በልኩ አይ ነበር፣ ያቺን አንዲት ሳንቃ ብቻ ቀና ብዬ አላያትም።

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ግን ያለቀስኩት ለሌላ ነገር ነው። ይህ ልጅ እናት አለችው። እኔ ሰባት ዓመት አንድ ቃል አጥቼ የተቃጠልኩበትን እሳት፣ በእሷ ላይ ሰባት ወር ሙሉ እያወቅሁ አነደድኩባት። ከኔ ይህ ይጠበቃል?

ሳንቃውን አንኳኳሁና፣ «ሱሩር፣ ውረድ» አልኩት። በስሙ ስጠራው ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ብዙነህ እንደሚወስዳችሁ አድርገህ ውሰደኝ አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ከባቡር ጣቢያው ጀመረ። በወፍጮ ቤቱ አሳለፈኝ፣ በሬን አስከፈተኝ፣ አስጎነበሰኝ። ሁሉን አወቅሁት፣ ቤቴ ነው። ከዚያ ኮርኒሱ ላይ ሲያደርሰኝ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እዚህ ዝም በሉ፤ እናቴ ብቻዋን ያለች ሲመስላት ትዘፍናለች፤ ከሰማችን ትተዋለች» አለኝ። የልጄን ቃል ነው የነገረኝ። አባቱ ከሞተ ወዲህ መዝሙር እንጂ ዘፈን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም የምል ሴት ነኝ። ሰምቶኝ ኖሯል። ለሰው አውርቶልኝ ኖሯል።

ሐሙስ ጓድ ባጫ ለድርቅ መዋጮ ሲዞር ደሊል መጣ፤ ሽንኩርት ከመቂ የሚያመጣው ሾፌር ነው፣ የአማረች ጎረቤት። በባዶ ሣጥኖቹ መሐል ይዞት ሄደ። ቅዳሜ ጓድ ባጫ መሰላል ተሸክሞ መጣ። ኮርኒሱን አየዋለሁ አለ። ያዝኩለት፣ ወጣ። ያገኘው የዓሣ አጥንት ብቻ ነው። የድመቱ ነው አልኩት። መስኮት ላይ ያለውን ድመት አየ፣ አጥንቱን አየ፣ እኔን አየ። መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ፤ እስካሁን ወደ መስኮቴ አልተመለሰም።

አሁን ሁለት ነገር አድርግልኝ። ዝዋይ ሂድና የእናቱን ፊት አይተህ ንገረኝ። ከዚያ ደግሞ ያንተን ንገረኝ። የት ነው ያየኸው? እጄ እንቢ አለ አትበለኝ።

እናትህ የሺዓለም


ዝዋይ፣ መጋቢት 4 ቀን 1977

እትዬ የሺ፣

ሙክት ልመረምር ነው ብዬ መጣሁ፤ እውነትም መረመርኩ።

እናቱ ወይዘሮ ኢፍቱ ይባላሉ፣ ቤታቸው ከሐይቁ አይርቅም። በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብዬ ሰላምታ እየሰጠሁ ስገባ የመንግሥት ሰው መስያቸው ተነሥተው ቆሙ። ልጃቸው ሐይቁ መሐል ካለው ደሴት ከአጎቱ ዘንድ ደኅና ገብቷል፤ ባለሥልጣን በቀላሉ የማይሻገርበት ቦታ ነው። እሳቸውም ሄደው አይተውታል። ሽንቱ ደኅና ነው፣ ውኃውንም ይጠጣል። ስለዚህ አዲስ ነገር የምነግራቸው አልነበረኝም። እሳቸው ግን አስቀምጠው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የት ይተኛ ነበር? ማን ያጥብለት ነበር? ምን አበሉት?

«ዓሣ» አልኳቸው።

«ዓሣ?» አሉኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አለቀሱ። ለካ ሱሩር የዓሣ አጥማጅ ዘር ሆኖ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓሣ አይወድም። ሰባት ወር ከእጅዎ ሲበላ አንድ ቀን አልወድም አላለዎትም። እናቱ «እንዴት ያለች ሴት ብትሆን ነው» አሉኝ፤ ከዚህ በላይ ምስጋና አላሉም።

አሁን የኔን።

መጋቢት 11 ቀን 1970፣ ሰኞ ጠዋት። አዲስ አበባ፣ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ትንሹን ድልድይ እንደተሻገሩ በስተቀኝ፣ የባሕር ዛፍ ተራ ነበረ። ሦስት ሆነው ተጋድመዋል፤ ብዙነህ ዳር ላይ ያለው ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጫማ የለውም። ደረቱ ላይ ወረቀት አለ፤ አላነበብኩትም። ሰው ሁሉ ሳይቆም ያልፋል፣ የቆመ ይያዛልና። እኔም አልቆምኩም። ልቆም እችል ነበር፤ አልቆምኩም። አለፍ ብዬ ተመለስኩና በዚያው መንገድ እንደገና አለፍኩ። መጀመሪያ ሳልፍ ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ። ስመለስ ተከድነዋል። በመሐሉ ማን ደፍሮ እንደከደናቸው አላውቅም። እኔ ግን አይደለሁም።

ይህ ነው። ሌላ የደበቅሁዎት ነገር የለም።

አምባዬ


ናዝሬት፣ መጋቢት 16 ቀን 1977

አምባዬ ልጄ፣

ትናንት እሑድ ከአማረች ጋር አዲስ አበባ ሄድን።

ድልድዩን እንደተሻገርን በስተቀኝ ወረድን። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል። አሁን የአውቶቡስ መቆሚያ ነው። ሰዎች ተሰልፈው አውቶቡስ ይጠብቃሉ፤ ከሰልፉ መጨረሻ ገብቼ ቆምኩ። ሌላ የምቆምበት ቦታ አልነበረም። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ገባ፣ እኔ ቀረሁ። ሌላ ሰልፍ ሆነ። ሁለተኛውም መጥቶ ሄደ፤ አዲሱ ሰልፍ ከኋላዬ ሆነ። ያኔ ነጠላዬን አገለደምኩና ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ጊዜውን ታውቃለህ፤ እኔ ለልጄ ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩም ነበር፤ ክልክል ነበር። አማረች ልብሴን ጎተተችኝ፣ ተይኝ አልኳት።

ከኋላዬ የቆመች ሴት ማን ሞቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ብዙነህ» አልኳት፤ ከነአባቱ ስም ጠራሁት፣ ጮክ ብዬ።

«መቼ?» አለችኝ።

«ዛሬ ተረዳሁ» አልኳት።

ሴትዮዋ አቀፈችኝ፣ እግዜር ያጽናሽ አለችኝ። ከእሷ ቀጥሎ የቆመው ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀና እግዜር ያጽናሽ አለኝ። ከዚያ ቀጣዩ። ከሰልፉ አንድም ሰው ሳይወጣ፣ እንደቆሙ፣ በተራ በተራ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። አንድ ወታደርም ነበረባቸው፣ እሱም አለኝ።

የሺዓለም